ሲስተር፣ ይሄ ነገር እኛ ጋ ገብቷል?

ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ነጩን ጋዋን ብሰቅለውም መካነ ሰላም ትንሽ ከተማ ናትና ሰው አሁንም «ሲስተር» እያለ በሬን ያንኳኳል። ድሮ የምጠየቀው ስለ ልጅ ትኩሳት፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ነፍሰ ጡር እግር እብጠት ነበር። አሁን አሁን ግን እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ስልኩን ይዘረጋልኛል።

ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት ቪዲዮ በአምስት ሰው እጅ መጥቶልኛል። ወጣቶች መንገድ ዳር ከወገባቸው ታጥፈው፣ እጃቸውን አንጠልጥለው፣ ሳይወድቁም ሳይቆሙም ደርቀው ይታያሉ። ከሥሩ በአማርኛ «አዲሱ አደንዛዥ ዕፅ አገራችን ገብቷል፤ አንዴ የቀመሰ ዞምቢ ይሆናል፤ ለሃያ ሰው ሳታስተላልፉ እንዳትተኙ» የሚል ተጽፎበታል። በድምፅ የሚተርከው ሰው ደግሞ ነገሩ ልዩ ጉልበት እንደሚሰጥ፣ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሳ፣ ሰውን ሰው እንደሚያስበላ ይናገራል። የልጅ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት ጎረቤቴ ይህን ካየች በኋላ ልጆቹን ሱቅ መላክ እንኳ አቁማ ነበር።

እኔ ቪዲዮውን እንዳየሁት የታየኝ ሌላ ነው። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ነገር የወሰደ ሰው ከወገቡ ታጥፎ አያንቀላፋም። እንዲህ ያለው ሰው ይቅበጠበጣል፤ ያልበዋል፤ መንጋጋውን ያፋጫል፤ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፤ ልቡ ይደልቃል። በቪዲዮው ያሉት ግን እንደ ሞርፊን ያለ ነገር የወሰዱ ናቸው። በአሜሪካ ከተሞች፣ በተለይም በፊላዴልፊያ፣ ፌንታኒል የተባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ዛይላዚን ከተባለ የእንስሳት ማደንዘዣ ጋር ተደባልቆ በሚሸጥባቸው ሰፈሮች እንዲህ ያለ ምስል ብዙ ተቀርጿል። ምስሉ ስለ አንድ ነገር፣ ጽሑፉ ስለ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። ያያያዛቸው ሰው ምናልባት ልዩነቱን አያውቅም፤ ወይም ያውቃል፣ ተመልካች ግን ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ስሙ ራሱ ያሳስተናል። እኛ ሁሉንም «አደንዛዥ ዕፅ» እንለዋለን። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ ግን አያደነዝዙም፣ ያነቃሉ። ዕፅም አይደሉም፤ በላቦራቶሪ የተሠሩ ዱቄትና ክኒን ናቸው። ወላጅ ቃሉን ይዞ ልጁን ሲደነዝዝ፣ ሲንገዳገድ፣ ዓይኑ ሲከደን ለመያዝ ይጠብቃል። የሚያነቃ ነገር የጀመረ ልጅ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ ደብተሩን እንደ አዲስ የሚገለብጥ፣ ያለ ወትሮው የሚለፈልፍ፣ ምሳ ሲቀርብለት «ጠግቤያለሁ» የሚል ነው። እናቱ «ዘንድሮ ጎበዘልኝ» ትላለች። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሲወድቅበት ቀኑን ሙሉ ይተኛል፤ ያኔ «ታመመ እንዴ?» ይባላል።

ወሬው ከባዶ የተነሳ ነው አልልም። ግን እንዴት እንደሚያድግ ማየት ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2012 በአሜሪካዋ ማያሚ ከተማ አንድ ሰው ልብሱን አውልቆ መንገድ ላይ የተኛ ምስኪን ሰው ፊት ሲነክስ ተገኝቶ ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። በማግስቱ የዓለም ጋዜጣና ቴሌቪዥን «የመታጠቢያ ጨው» በሚል የሽፋን ስም የሚሸጠው አዲስ ዱቄት ሰው በላ አደረገው ብሎ አወራ። ከአንድ ወር በኋላ የአስከሬኑ ምርመራ ሲወጣ የተገኘበት ካናቢስ ብቻ ነበር። የፊቱ ወሬ ዓለምን ዞረ፤ የምርመራው ውጤት ግን መካነ ሰላም አልደረሰም። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዝ ሁለት ወጣቶች ሲሞቱ ሜፌድሮን ገደላቸው ተብሎ ነበር። ወሬው በጋለበት ወቅት፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ አገሪቱ ሜፌድሮንን በሕግ ከለከለች። በኋላ የላቦራቶሪ ውጤቱ ሲመጣ ሜፌድሮን አልተገኘባቸውም። የወሰዱት ሜታዶን የተባለውን ሌላ መድኃኒት ነበር።

«ታዲያ ሁሉም ውሸት ነው» ብሎ መቀመጥ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ሜፌድሮን በሌሎች ሰዎች ላይ በምርመራ የተረጋገጠ ሞት አድርሷል። በፍሎሪዳ ብራዋርድ በተባለው አውራጃ ፍላካ የሚሉት የዚሁ ዘር ዱቄት እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ እስከ 2015 መጨረሻ ባለው ጊዜ ብቻ 60 ያህል ሰው ገድሏል። ፍላካ የሰውነትን ሙቀት ሽቅብ ያወጣል፤ ሰውየው ልብሱን ቀዶ የሚሮጠው ሰይጣን ስለያዘው ሳይሆን ውስጡ እየተቃጠለ ስለሆነ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 ያንን ንጥረ ነገር ከሌሎች ከመቶ በላይ ኬሚካሎች ጋር ስትከለክል ፍላካ ከፍሎሪዳ በወራት ውስጥ ጠፋ። ችግሩ አንዱ ሲዘጋ ሌላው መከፈቱ ነው። አንዲት ጫፏን ነካ አድርገው አዲስ ስም ይሰጡታል፤ ሕጉ ደግሞ የሚያውቀው አሮጌውን ስም ነው። የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤት እስካሁን ከ1,000 በላይ እንዲህ ያሉ አዳዲስ ነገሮችን መዝግቧል። የሚያነቁት ብቻ ሳይሆኑ ሌሎቹም አሉበት።

ለእኛ ለወሎዎች ግን የሚገርመው የነዚህ ዱቄቶች ዘር ነው። ሜፌድሮን፣ ፍላካ፣ የመታጠቢያ ጨው የሚባለው ሁሉ «ሰው ሠራሽ ካቲኖን» በሚል አንድ ቤተሰብ ይጠራል። ካቲኖን ደግሞ የጫት ቅጠል ውስጥ ያለው የሚያነቃ ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ለይቶ አወጣው። እኛ ምርቃና የምንለው የሱ ሥራ ነው። ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ ካቲኖኑ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ እየፈረሰ ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል። ጫት በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ውሃ እየተረጨ፣ በአይሱዙ የሚከንፈው ለዚህ ነው። ሾፌሮቹ ኬሚስትሪ ባይማሩም ያውቁታል።

ይህን ስነግራቸው ሁለት ዓይነት ሰው አጋጥሞኛል። አንዱ «እንግዲያው ዱቄቱም እንደ ጫት ነው፣ ምን ያስፈራል?» ይላል። ሌላው «እንግዲያው ጫትም ሰው ያስበላል» ይላል። ሁለቱም አይደለም። ጫት የሚቃም ሰው አንድ ዙርባ ለመጨረስ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ መንጋጋው ይደክማል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ካቲኖኑ ወደ ደሙ የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ቅጠሉ ራሱ ልጓም አለው። ዱቄቱ ልጓም የለውም። አንድ ቁንጣሪ በአፍንጫ ሲሳብ በደቂቃ ውስጥ ልብና አእምሮ ላይ ይደርሳል። በከረጢቱ ውስጥ ምን እንዳለ የሸጠውም የገዛውም አያውቅም፤ ትናንት የወሰደው መጠን ዛሬ ሦስት እጥፍ ጉልበት ሊኖረው ይችላል። ዋናው አደጋ እዚህ ላይ ነው፤ ዞምቢ መሆን አይደለም።

ጫትም ቢሆን ንጹሕ ነው አልልም። በወሎ በወዳጃ ላይ፣ በዱዓ ላይ፣ ከቡናና ከዕጣን ጋር የኖረ ነገር ነው፤ አያቶቻችን በልክ ያውቁት ነበር። እኔ የምፈራው ከልኩ የወጣውን ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከወንዶች 27 ከመቶ፣ ከሴቶች 12 ከመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። በሥራ ዘመኔ በጫት የመጡብኝ ሕሙማን የጨጓራ፣ የሆድ ድርቀት፣ የደም ግፊት፣ የእንቅልፍ ማጣት ሰዎች ነበሩ። አብዝተው የሚቅሙት ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያማቸው፣ ግድግዳው የሚሰማቸው የሚመስላቸው ነበሩ። አንድ ነገር በመንገዴ ልናገር፦ አምፒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን ታዞለት ጫት እየቃመ የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ በደንብ አይሰራለትም። ጫቱ መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ይይዝበታል። «ሲስተር፣ መድኃኒቱ አልያዘልኝም» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነበር።

አሁን ወደ ደጃችን ልምጣ። ከተማችን የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያድሩባት፣ ከሩቅ ክፍለ አገር ወላጆች ልጆቻቸውን አደራ ብለው የሚልኩባት ሆናለች። በፈተና ሰሞን ልጆች አንድ ላይ ሆነው እየቃሙ ያነባሉ። ሌሊቱ ሲነጋ ምርቃናው አልወርድ ሲላቸው ለማውረድ ይጠጣሉ፤ ጨብሲ ይሉታል። ሐኪም ቤት የሚያስመጣው ብዙ ጊዜ ይህ ጥንድ ነው። አንዱ ልብን ሽቅብ ሲነዳ ሌላው አእምሮን ቁልቁል ይጎትታል፤ ልጁ ስንት እንደጠጣ አይታወቀውም። መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ይጣላል፣ ይደፈራል። ይህን ማንም ቪዲዮ አድርጎ አላስተላለፈልኝም፤ አዲስ አይደለማ።

ሌላው ትራማዶል ነው። በሐኪም ትእዛዝ ለሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ከሞርፊን ወገን ነው፤ ሆኖም ለጊዜው ድካምን ስለሚያስረሳ ሸክም የሚሠሩ ልጆች «ጉልበት ይሰጣል» ብለው ይውጡታል። ሲበዛ አንድም ትንፋሽን ያቆማል፣ አንድም ያንፈራግጣል። አንድ የጎረቤት ወጣት ወድቆ አረፋ ሲደፍቅ ቤተሰቡ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ክብሪት አሸተተው። እናቱ ሱሪውን ስታጥብ ባዶ የክኒን ልጣጮች አገኘችና «ይሄ የምንድነው?» ብላ አመጣችልኝ። ያ ልጣጭ ሐኪሙ እጅ ሲገባ የልጁ ሕክምና ተለወጠ። ልብስ ከማጠብ በፊት ኪስ መፈተሽ የእናቶች የድሮ ልማድ ነው፤ እዚህ ላይ ነፍስ አዳነ።

በጣም ያስደነገጠኝ ግን ምንም ያልወሰደው ልጅ ነው።

ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አባቱ ሳውዲ ነው፤ የሚያሳድጉት አያቶቹ ናቸው። በየካቲት ግድም ልጁ መክሳት ጀመረ። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እየተነሳ ይወጣል። ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። እቤት ያለውን ጀሪካን ውሃ ብቻውን ያጋምሳል። አያትየው ቪዲዮውን ካዩ ሳምንት አልሞላቸውም ነበር። ከስቷል፣ ሌሊት ይወጣል፣ ይደነዝዛል፤ ምልክቱ ሁሉ ገጠመላቸው። ቦርሳው ተበረበረ፤ ልብሱ ተሸተተ፤ ስልኩ ተነጠቀ። አጎቱ ደግሞ «ከማን ነው የምትገዛው?» እያለ በቀበቶ መታው። ልጁ ይምላል፤ እነሱ አያምኑም። «ሱሰኛ መች ያምናል?» ይሉታል። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

እኔ የሄድኩት ሴትዮዋ ታመው ልጠይቅ ነበር። ልጁ ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል። ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ነው፤ ሩጫ የጨረሰ ሰው ይመስላል። ጠጋ ስል ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዓይነት ይሸታል። ይህን ሽታ አንዴ ያወቀ ነርስ አይረሳውም።

«ልጄ፣ ሌሊት የምትወጣው ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ሽንቴ እየመጣ ነው እትዬ» አለኝ፤ ያንን እስካሁን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ስኳር ነው። አያትየው «በዚህ ዕድሜው? ስኳር የሀብታምና የሽማግሌ አይደለም እንዴ?» አሉኝ፤ ልጅንም እንደሚይዝ እየነገርኳቸው በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው። በጣቱ ደም የሚለካው መሣሪያ ቁጥር ማውጣት አቅቶት «ከልክ በላይ ነው» የሚለውን ምልክት ብቻ አሳየ። ሁለት ቀን ቢዘገይ ኖሮ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር። አሁን ኢንሱሊን ይወጋል፤ ፍሪጅ ስለሌላቸው አያቱ በእርጥብ ሸክላ ውስጥ ያስቀምጡለታል፤ ትምህርቱን ይዟል። አጎቱን ግን ገና አያናግረውም።

ስለዚህ ልጅ ሲለወጥባችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ወሰድክ?» ባይሆን እመርጣለሁ። «ምን ይሰማሃል? እንቅልፍህ እንዴት ነው? ውሃ ይጠማሃል? ትንፋሽ ያጥርሃል?» ተብሎ ይጀመር። መክሳት ስኳርም፣ ሳምባ ነቀርሳም፣ እንቅርትም፣ ሐዘንም ሊሆን ይችላል። አንዲት ልጅ መብላት አቁማ ሱስ ነው ሲባል ትምህርት ቤት የሚያስቸግራት ሰው ነበር ያስጨነቃት። ሱስ ሆኖ ከተገኘም ጥያቄው ያው ነው የሚያደርሰው።

እውነተኛ ሲሆን ምን እናድርግ የሚለውን ደግሞ እንደ ነርስ ልናገር። የሚያነቃ ነገር የወሰደ ልጅ ከተቅበጠበጠ፣ ሰውነቱ ከጋለ፣ ደረቱን ካመመው፣ የሌለ ነገር ካየ፣ ወደ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ክፍል አስገቡት፤ ጋቢና ሹራቡን አውልቁለት፤ በእርጥብ ጨርቅ አብርዱት፤ ንቁ ከሆነ ውሃ በትንሽ በትንሹ አስጎንጩት። ሰው አታብዙበት፤ አትጩኹበት። በገመድ አስሮ በደረቱ ማስተኛትና ላዩ ላይ መቀመጥ እንዳታደርጉ፤ የጋለው ሰውነት ሲታገል የበለጠ ይግላል፣ ልቡም ሊቆም ይችላል። የወጣት የደረት ሕመም «ጋዝ ነው» ተብሎ አይታለፍም። የሚያንቀላፋው፣ ትንፋሹ የዘገየው፣ ከንፈሩ የጠቆረው ደግሞ በጎኑ ይተኛ፣ ብቻውን አይተው፣ ቡናና ወተት አይጋት። ሁለቱም ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ፤ የተገኘው ልጣጭ፣ ወረቀት፣ ዱቄት፣ ምንም ይሁን አብሮ ይሂድ። ጠበሉም ዱዓውም ይቅር አልልም፤ በሕክምናው መንገድ ላይ ግን አይቁሙ። ሰውየው ከዳነ በኋላ ስለት ለማስገባት ጊዜ አለ። አእምሮው ካልተመለሰ፣ ጥርጣሬውና ድምፅ መስማቱ ከሳምንት በላይ ከቆየ፣ ደሴ የአእምሮ ሕክምና አለ፤ አዲስ አበባ አማኑኤል አለ። ሰንሰለት ሕክምና አይደለም።

ስለ ከረሜላውም ጠይቃችሁኛል። «በትምህርት ቤት በር ላይ በከረሜላ መልክ ለሕጻናት ይታደላል» የሚለው መልእክት እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ እንጆሪ የሚሸት ሜታምፌታሚን ተገኘ ተብሎ የተነሳ ወሬ ልጅ ነው። ሕጻናትን ለማጥመድ ተሠራ የተባለው ያኔም አልተረጋገጠም፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ቋንቋ እየተተረጎመ ይዞራል። ነጋዴ ገንዘብ ለሌለው ሕጻን ውድ ነገር በነጻ አያድልም። ሕጻኑን በቤት ውስጥ የሚጎዳው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው የአያት የደም ግፊት ክኒን ነው። ያንን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጉት።

ወሎ ውስጥ ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ልጆቻችን ባሕር ማዶ ናቸው። ከቦረና፣ ከለጋምቦ፣ ከወረኢሉ በጅቡቲና በየመን ዞሮ ሳውዲ ያልገባ ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። እዚያ ካፕታጎን የሚባል ክኒን አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 በጀርመን በመድኃኒትነት ወጥቶ በኋላ የተከለከለ ነገር ነው። ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው በስውር የሚሠራ አምፌታሚን ነው። ላዩ ላይ ሁለት ግማሽ ጨረቃ ስላለው ዓረቦቹ «የሁለቱ ጨረቃ አባት» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የሶሪያ መንግሥት ሲወድቅ በሚሊዮን የሚቆጠር ክኒን ያለባቸው መጋዘኖች ተገኝተዋል፤ ዋናው ገበያው ሳውዲና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ነበሩ። ሌሊት ለሚነዳ ሾፌር፣ ለሚሸከም፣ ለሚጠብቅ ልጅ «ይህን ብትውጥ አይደክምህም» ተብሎ ይሰጣል። ክኒኑ ልብን ይጎዳል፤ ከሱ የሚብሰው ግን ሕጉ ነው።

በሳውዲ በአደንዛዥ ዕፅ የተፈረደባቸውን መግደል ለሦስት ዓመት ገደማ ቆሞ ነበር። በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ተጀመረ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ናጅራን ውስጥ በአንድ ቀን ሦስት ኢትዮጵያውያን ሐሺሽ በማስገባት ተብለው ከአራት ሶማሊያውያን ጋር ተገድለዋል። ከየመን ድንበር የሚሻገር ልጅ ገንዘቡ ያልቅበታል፤ ደላላው «ይህን ጆንያ ተሸክመህ ከተሻገርክ የመንገድህን አልጠይቅህም» ይለዋል። ውስጡ ጫት ይሁን ሐሺሽ አያይም። ጫትም ቢሆን እዚያ ክልክል ነው። እዚህ ከቡና ጋር በአደባባይ ስለሚቀርብ ልጆቻችን በሌላ አገር ወንጀል መሆኑ አይታያቸውም። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች፤ በአሜሪካም ክልክል ነው። ልጃቸውን ለመጠየቅ የሚሄዱ አያቶች ሻንጣ ውስጥ «የሻይ ቅጠል ነው» ተብሎ የሚሰጥ ደረቅ ጫት ካለ እቤት ይቅር። ከበርበሬና ከሽሮ ጋር የሰው አደራ አይጨመር።

ይህን ለዚያ ስኳር ለያዘው ልጅ አያት ነግሬያቸው ነበር። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ሲጨርሱ «ዞምቢ የሚለውን ነገር ለልጄ በድምፅ ልኬለት ነበር» አሉኝ። «ምን አለ?» ስላቸው፦ «ሳቀብኝ። ‹አባባ፣ እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም› አለኝ።»

ያኔ ነው ስለ እሽጉ ያነሳሁባቸው፤ ልጁ ያንን ቪዲዮ እንዳልሳቀበት የማይስቅበት ነገር ይህ ነው። አርብ ማታ፣ ልጁ በሚያርፍበት ሰዓት፣ እኔው ስልኩን ይዤላቸው ደወልን። ስለ ዕፅም ስለ ሱስም አላነሱበትም። ከስንት ሰው ጋር እንደሚያድር፣ ሌሊት ሥራ እንዳለው፣ የሚውጠው ነገር የሚሰጠው ሰው እንዳለ ጠየቁት። ልጁ መጀመሪያ «የለም» አለ። ቆየት ብሎ ግን አንድ የአገር ልጅ ለሥራ ጉልበት ብሎ ነጭ ክኒን እንደሰጠው፣ ሁለቴ ወስዶ ልቡ ሲመታበት እንደተወው ተናገረ። አያትየው አልጮኹም። «ደግ አደረግህ» አሉት። ከዚያ ስለ እሽግ ነገሩት፣ የአገር ልጅም ቢሰጥ፣ ሥጋ ዘመድም ቢሰጥ፣ ሳይከፍት እንዳይሸከም። ልጁ ክኒኑን የሰጠው ያው ሰው ባለፈው ወር አንድ ካርቶን ወደ ጅዳ እንዲያደርስለት ለምኖት እንደነበር ነገራቸው። መኪና አጥቶ ነው እንጂ ይዞለት ሊሄድ ነበር።